ላዩ ለማን ይቆማል? «ምጸት» በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚማር ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከሚሸመድዳቸው ቃላት አብዛኞቹ ብዙ አያስቸግሩም። ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ» ወይም «መሰለ» አስከትሎ ስለሚመጣ ከሩቁ ይታወቃል። ሰውኛም ድንጋይ ሲያለቅስ፣ ነፋስ ሲቆጣ ራሱን ያጋልጣል። እንግሊዞች አይሮኒ የሚሉት፣ የአማርኛ መማሪያዎች ምጸት ያሉት ቃል ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ኤም. ኤች. ኤብራምስ በ1957 ያወጣውና በየጊዜው እየታደሰ የኖረው የሥነ ጽሑፍ ቃላት መፍቻ በዚህ አንድ ቃል ሥር የቃል ምጸት፣ የመዋቅር ምጸት፣ የድራማ ምጸት፣ የዕጣ ፈንታ ምጸት፣ የሮማንቲኮች ምጸት እያለ ይዘልቃል። ተማሪው ዝርዝሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ያስጠራቸው ምን እንደሆነ ግን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። በአፍ የሚወረወር ነቆራና አንድ ንጉሥ ሳያውቅ በራሱ ላይ የሚያወርደው እርግማን ምን ያገናኛቸዋል? ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲንከባለል የመጣ ቃል በየዘመኑ አዲስ ፍቺ እየጨመረ አሮጌውን አለመጣሉ እውነት ነው። ሆኖም የተጨመረው ሁሉ እንዲሁ የተከመረ አይመስለኝም። ታሪኩን ተከትሎ ለሚሄድ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ብቅ ይላል፦ የንግግሩ ወይም የሁኔታው ላይኛ ገጽ ለማን ይቆማል፣ ለማንስ ይፈርሳል? (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከግሪክ መድረክ እስከ ሮም ችሎት

ቃሉ መጀመሪያ የሰው ጠባይ ስም ነበር፤ የንግግር ዘይቤ መጠሪያ የሆነው ኋላ ነው። በጥንቱ የግሪክ ኮሜዲ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይፋጠጣሉ። አላዞን የሚባለው ከሚያውቀው በላይ የሚያወራ ጉረኛ ነው። ኤይሮን የሚባለው ደግሞ የሚያውቀውን ደብቆ፣ ሞኝ መስሎ፣ ጉረኛው በገዛ አፉ እስኪወድቅ የሚያደባ ነው። አርስጣጣሊስ ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ሁለቱን ከእውነተኛው ሰው ግራና ቀኝ አቁሟቸዋል፤ አንዱ እውነትን በማብዛት፣ ሌላው በማሳነስ ይስታል። ደቀ መዝሙሩ ቴኦፍራስጦስም የሰዎችን ጠባያት ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ይህንኑ አስመሳይ ነው። በአፍላጦን «ሪፐብሊክ» መጀመሪያ ክፍል ትራሲማኮስ «ይህ የለመድነው ኤይሮኔያህ ነው» በሚል መንፈስ ሶቅራጥስን ሲያፋጥጠው እያመሰገነው አይደለም፤ «እያወቅህ አላውቅም ትላለህ» ብሎ እየዘለፈው ነው። ስለዚህ የቃሉ መነሻ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል፤ አንድ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ማወቁን ያልነቃበት ሌላ ሰው ደግሞ አለ።

ስድቡን ወደ ሙያ የለወጡት ሮማውያን ናቸው። ለኪኬሮ የሶቅራጥስ አለማወቅ መምሰል የጨዋ ሰው የንግግር ለዛ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለተናጋሪዎች ትልቁን የመማሪያ መጽሐፍ የጻፈው ኩዊንቲሊያን ደግሞ እስከ ዛሬ በየመማሪያው የሚደገመውን ፍቺ ሰጠ፦ ከተባለው ተቃራኒው የሚታሰብበት ንግግር። በዚህ ግን አላቆመም። አድማጩ ተቃራኒውን እንዲይዝ የሚነግሩት ሦስት ነገሮች አሉ አለ፤ የአነጋገሩ ቃና፣ የተናጋሪው ማንነትና የጉዳዩ ጠባይ። ከሦስቱ አንዱ ከቃሉ ጋር ሲጣላ ሐሳቡ ከቃሉ የተለየ መሆኑ ይታወቃል። እኔ ከፍቺው ይልቅ ይህችን ማስታወሻ አስበልጣለሁ። «ተቃራኒ» የሚለው ክፍል ከጊዜ በኋላ ብዙ ጥቃት ደርሶበታል፤ ሦስቱ ምልክቶች ግን እንደቆሙ ናቸው። ከዚህም ሌላ ኩዊንቲሊያን የሰው ሕይወት ሙሉውን ምጸት ሊሆን እንደሚችል ሶቅራጥስን ጠቅሶ ጽፏል፤ ነገሩ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሊሰፋ እንደሚችል ያኔውኑ ገብቶታል ማለት ነው።

ቃሉ እንግሊዝ ሲገባ

በእንግሊዝኛ ቃሉ ተጽፎ የሚገኘው ከ1502 ጀምሮ ነው፤ ለረጅም ጊዜም የንግግር ጥበብ መምህራን ቃል ሆኖ ቆየ። ጆርጅ ፑተንሃም በ1589 በወጣው የእንግሊዝኛ ቅኔ ጥበብ መጽሐፉ ለግሪክኛና ለላቲን የዘይቤ ስሞች ሁሉ የአገር ልጅ ስም ለመስጠት ሞከረ። አይሮኒያን «ደረቁ ፌዝ» አለው፤ ሳርካስሙስን «መራራው ነቆራ»። ስሞቹ የቤተ መንግሥት ባለሟሎችን የመሰሉ፣ የሚያስቁም ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን አልጸደቁም። (የአማርኛ መምህራን ተመሳሳይ ሥራ ሲሠሩ የተሻለ ቀንቷቸዋል፤ «አይ»ንና «አዎ»ን ያጋጠመው «አያዎ»፣ «መቼ»ንና «የት»ን ያዋሐደው «መቼት» ዛሬ ፈጠራ መሆናቸው እንኳ ተረስቷል።) ከፑተንሃም ሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1668፣ ጆን ዊልኪንስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሰውና የሳይንስ ወዳጅ ለዓለም ሁሉ የሚሆን ቋንቋ ሲነድፍ አንድ ነገር ጎደለው፤ ምጸት በድምፅ ቃና ይታወቃል፣ ወረቀት ግን ቃና የለውም። ስለዚህ ለምጸት የተገለበጠ ቃለ አጋኖ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን የተቀበለው አልነበረም።

ምልክቱ ምን ያህል ያስፈልግ እንደነበር የዳንኤል ዲፎ ጉዳይ ያሳያል። ዲፎ ራሱ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ከሆኑት ፕሮቴስታንቶች ወገን ነበር። በታኅሣሥ 1702 ስሙን ሳይጽፍ ባወጣት ትንሽ ጽሑፍ ግን የአንድ ጽንፈኛ የቤተ ክርስቲያን ሰው ድምፅ ተዋሰና እነዚያን ተቃዋሚዎች ከሥር መንቀል ነው የሚበጀው ብሎ ተከራከረ። ዓላማው የጽንፈኞቹን ሐሳብ እስከ ጥጉ ወስዶ ማሳፈር ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በጽንፈኞቹ በኩል መጀመሪያ ላይ ጽሑፉን ከልብ የደገፉ ነበሩ፤ የእሱ ወገኖች ደግሞ ከልብ ፈሩ። ጸሐፊው ሲታወቅ ሁለቱም ወገን ተቆጣ። ዲፎ ተይዞ ተፈረደበትና በሐምሌ 1703 መጨረሻ ሦስት ቀን በለንደን አደባባዮች አንገቱና እጆቹ በሳንቃ ተቆልፈው ለሕዝብ መሳለቂያ ቆመ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ጆናታን ስዊፍት በአየርላንድ ድሆች ስም ተመሳሳይ ነገር አደረገ። የእሱ ተናጋሪ የተረጋጋ የሒሳብ ሰው ነው፤ ከ120,000 የድሃ ልጆች 20,000ውን ለዘር አስቀርቶ 100,000ውን ዓመት ሲሞላቸው ለባለጠጎች ገበታ እንዲሸጡ ያሰላል። ይህን የሚል ሰው በዓለም ላይ ስላልነበረ በኩዊንቲሊያን አነጋገር የጉዳዩ ጠባይ ራሱ ይጮኻል። የዲፎ ተናጋሪ ግን በየሰንበቱ ከመድረክ የሚሰማ ዓይነት ነገር ነበር የተናገረው። ሁለቱ ጸሐፊዎች በዘዴ ብዙም አይራራቁም። የለያያቸው በአካባቢያቸው ያንን ሐሳብ ከልቡ የሚይዝ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ምጸት በወረቀቱ ላይ ብቻ የሚያድር ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልተፈጠረ ነበር።

1833፦ ከአፍ ወደ መድረክ

ቃሉ ከንግግር ጥበብ ወጥቶ የዓለም አመለካከት የሆነው በጀርመን ነው። ፍሪድሪክ ሽሌግል በ1797ና በ1798 ባወጣቸው ቁርጥራጭ ጽሑፎች ደራሲ ሥራውን እየሠራ ከሥራው በላይ ቆሞ ሊመለከተው፣ እንዲያውም ሊያፈርሰው መቻሉን በዚህ ስም ጠራ። ኪርከጎር በ1841 የመመረቂያ ድርሳኑን የጻፈው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ግን ይበልጥ የዘለቀ ውጤት ያመጣው ኮኖፕ ቴርልዎል በ1833 በካምብሪጅ መጽሔት ላይ ስለ ሶፎክልስ ምጸት ያወጣው ጽሑፍ ነው። ቴርልዎል ምጸት በሰው አንደበት ብቻ ሳይወሰን በነገሮች አካሄድ ውስጥም እንደሚገኝ ተከራከረ፤ ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘው ሲሟገቱ የሚሰማ ዳኛ ፊት ላይ እንኳ ምጸትን አየ። ኤዲፐስ የላዩስን ገዳይ ሲረግም የሚረግመው ራሱን ነው፤ እሱ አያውቅም፣ ተመልካቹ ያውቃል። የአማርኛ አንባቢ ይህን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ከሚያውቀው «ኦቴሎ» ሊያረጋግጥ ይችላል። ዊልያም ኤምፕሰን በ1951 ባወጣው መጽሐፉ «ሐቀኛ» እና «ሐቀኝነት» የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛው ተውኔት ውስጥ 52 ጊዜ እንደሚመጡ ቆጥሯል። ኦቴሎ ኢያጎን ሐቀኛ ባለ ቁጥር ቃሉ በኦቴሎ አፍ ሙሉ ነው፤ በተመልካቹ ጆሮ ባዶ። ተናጋሪው አላሾፈም፣ አልዘበተም፣ ከልቡ ነው የተናገረው። ያም ሆኖ ምጸት አለ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ተቃውሞ ይነሣል። ተናጋሪው ሳያስበው የሚፈጠረውንና ተናጋሪው አስቦ የሚወረውረውን በአንድ ስም መጥራት የቃላት ዝርክርክነት አይደለም ወይ? ሄንሪ ፋውለር በ1926 ባወጣው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ከብዙዎቹ ረጃጅም ድርሳናትም የተሻለ ነው። ምጸት ባለበት ሁሉ ሁለት አድማጭ አለ አለ፤ አንዱ ሰምቶ የማይገባው፣ ሌላው ከተባለው የበለጠ ነገር እንዳለ የሚያውቅ፣ የፊተኛው እንዳልገባውም የሚያውቅ። በሶቅራጥስ ዘንድ ያልገባው ትራሲማኮስን የመሰለው ነው፤ በኦቴሎ ዘንድ ኦቴሎ ራሱ። አሳቢው ማን ነው የሚለው ይለያያል፤ የዕውቀቱ ክፍፍል ግን አንድ ነው።

ይህ መለኪያ ለሌላም ያገለግላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አላኒስ ሞሪሴት የተባለችው ካናዳዊት ዘፋኝ «አይሮኒክ» የሚል ዘፈን ስታወጣ የቋንቋ ዘብ የሆኑ ሁሉ ተነሡባት፤ የዘረዘረቻቸው ነገሮች፣ በሠርግ ቀን የሚዘንብ ዝናብን ጨምሮ፣ የዕድል መጥመም እንጂ ምጸት አይደሉም ብለው። በዚህ ከዘቦቹ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያታቸው ግን ደካማ ነበር። «ያልተጠበቀ ነገር ሁሉ ምጸት አይደለም» ማለት በቂ አይሆንም። ዝናቡ የሚያፈርሰው አንድ የታመነ ገጽ የለም፤ ሙሽሮቹ እንዳይዘንብ ከመመኘት በቀር ስለ ሰማዩ የተሳሳተ ነገር ይዘው አልቆሙም። ሙሽራው የአየር ትንበያ ባለሙያ ሆኖ ቀኑን በራሱ ትንበያ ቆርጦ ቢሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ የሚፈርስ ነገር አለ፣ ፍርስራሹን ከሩቅ የሚያይም አለ። የዕጣ ፈንታ ምጸት የሚባለው ላይ «ማንም አስቀድሞ አላወቀም» የሚል ተቃውሞ ቢነሣም መልሱ ይኸው ነው። ታሪኩን ኋላ የሚተርከው ወይም የሚያነብበው ሰው የአዋቂውን ወንበር ይይዛል፤ ተራኪ እስኪያገኝ ድረስ አጋጣሚው አጋጣሚ ብቻ ነው።

ግጥም ሁሉ ምጸት በሆነበት ዘመን

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቃሉ እስከ መፈንዳት ሰፋ። አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1924 ተቃራኒ ስሜቶችን አስተናግዶ የሚያዛምድ ግጥም በምጸት የጸና ነው ብሎ ነበር፤ ክሊንዝ ብሩክስ ይህን ይዞ ገፋበት። በ1947 ባወጣው መጽሐፉና በተከታዮቹ ጽሑፎቹ ምጸትን የግጥም የመዋቅር መርሕ አደረገው። በግጥም ውስጥ ማንኛውም ቃል በዙሪያው ባሉት ቃላት ጫና ትርጉሙ ይታጠፋል፤ ይህ የዐውድ ጫና ለብሩክስ ምጸት ነው። ከዚህ ትምህርት የተገኘውን ጥቅም መካድ አይገባም። ተማሪዎች ግጥምን ወደ አንድ መስመር ምክር ከመጨመቅ ይልቅ እርስ በርሱ የሚጋፋውን ስሜት እንዲያዩ ያስተማረው ይህ ንባብ ነው። ነገር ግን የቺካጎው ሮናልድ ክሬን በ1948 እንደመለሰው፣ መለኪያው ይህ ከሆነ የአይንስታይን የጉልበትና የቁስ አካል ቀመርም ግሩም ምጸታዊ ግጥም ይሆናል። የክሬን ቀልድ ከቀልድ በላይ ነው። በብሩክስ ፍቺ ውስጥ ምንም ነገር አይፈርስም፤ ቃሉ ይታጠፋል፣ ይወፍራል፣ ይወሳሰባል እንጂ አይወድቅም፤ ያልገባውም ሰው የለም። የቃሉ ክብር ከፍ ብሎ ጥርሱ ወለቀ። ዛሬም በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ «ምጸታዊ» የሚለው ቃል «ጥልቅ» ወይም «ውስብስብ» በሚለው ፈንታ ሲገባ የሚታየው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ማን አሰበው?

በዚያው ወቅት ዊምሳትና ቢርድስሊ በ1946 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ የደራሲው ሐሳብ የግጥም መለኪያ ሊሆን አይችልም ብለው ነበር። ለሌሎች ዘይቤዎች ይህ ብዙ ችግር አያመጣም፤ ግነት ደራሲው አሰበውም አላሰበውም ግነት ነው። ምጸት ላይ ግን ችግር ነው፤ የስዊፍትን ሐሳብ ወደ ውጭ አስወጥተን የሒሳብ ሰውዬውን ቃል ብቻ ብንይዝ ምን ይቀረናል? ዌይን ቡዝ በ1974 ስለ ምጸት የጻፈው መጽሐፍ ከዚህ ችግር ጋር የሚታገል ነው። የጸና ምጸት በሚለው ዓይነት ላይ አተኩሮ አንባቢው የሚያልፍባቸውን አራት እርምጃዎች አስቀመጠ፤ የላዩን ትርጉም መጣል፣ ሌሎች ትርጉሞችን መሞከር፣ ስለ ደራሲው ዕውቀትና እምነት መወሰን፣ በመጨረሻም አዲስ ትርጉም መርጦ መስፈር። ቡዝ ይህን ከአንድ ቤት ወጥቶ ወደ ተሻለ ቤት እንደ መግባት አየው፤ ከደራሲው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መገናኘት ነው። ጉዞው ለስዊፍት ይሠራል፤ ለጄን ኦስተን የ1813 ልብ ወለድ መክፈቻ ዓረፍተ ነገርም ይሠራል፤ ሀብታም ወንደላጤ ሚስት እንደሚሻ ዓለም ሁሉ ያውቃል ሲባል ዓለሙ የሰፈሩ እናቶች መሆናቸው ከገጹ ሳንወጣ ይገባናልና።

ተቃራኒውን የያዘው ፖል ደ ማን ነው። በ1969 ጽሑፉና በ1977 ንግግሩ፣ የሽሌግልን ክር ይዞ፣ ምጸትን አንድ ቦታ ላይ ማቆም አይቻልም አለ፤ አንዴ ላዩን የተጠራጠረ አንባቢ የደረሰበትን አዲስ ትርጉም የማይጠራጠርበት ምክንያት የለውም። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚገፋም አይደለም። ሆኖም የዲፎን ጉዳይ እናስታውስ። ዲፎን የከሰሱት ሰዎች የጽሑፉን ፍቺ እስከ መጨረሻው መጠራጠር አላስፈለጋቸውም፤ ከጊዜ በኋላ ጽሑፉ ምን እንደነበረ ሁሉም አውቋል። አንዳንድ ሥራዎች በእርግጥ ወለል የላቸውም፤ በዘመናዊው ልብ ወለድ ውስጥ ሞልተዋል። ከዚህ ግን ወለል ያለው ሥራ የለም የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ያልተፈታው ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ነው፤ ቡዝም ሆነ ደ ማን ድንበሩ የት እንደሚያልፍ የሚነግር መለኪያ አልተውልንም።

«ምነው ቸኮልክ?»

ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጥያቄው ወደ ቋንቋ ፈላስፎችና ወደ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እጅ ገባ። ፖል ግራይስ በ1975 በወጣው ጽሑፉ የኩዊንቲሊያንን «ተቃራኒ» በአዲስ ልብስ አቀረበ፤ ተናጋሪው ግልጽ ውሸት ሲናገር አድማጩ ተቃራኒውን ያሰላል። የዚህን ደካማ ጎን በአማርኛ ማየት ይቀላል። ሁለት ሰዓት አርፍዶ ለመጣ ሰው «ምነው ቸኮልክ?» ይባላል። ይህ ጥያቄ ነው፤ የጥያቄ ተቃራኒ ምንድን ነው? «ምነው ዘገየህ?» ቢባል እንኳ ቀጥተኛ ወቀሳ እንጂ የተደበቀው ሐሳብ ሙሉ አይደለም። ግራይስ ራሱ በ1978 ጉድለቱን አይቷል። መስኮቱ የተሰበረ መኪና እያሳዩ «መስኮቶቹ ሁሉ ደህና ናቸው» ማለት ግልጽ ውሸት ነው፤ ምጸት ግን አይሆንም፤ የሚተች ስሜት ይጎድለዋል። ዳን ስፐርበርና ዲየርድሪ ዊልሰን በ1981 ሌላ መንገድ ያዙ። በእነሱ ዘንድ ምጸተኛ ሐሳቡን በራሱ ስም አይናገርም፤ ሌላ ሰው ያለውን፣ ሊል የሚችለውን ወይም ሁሉም የሚመኘውን ነገር አስተጋብቶ ይርቀዋል። ከዚህ ብዙ የታየ አንድ እውነት ይብራራል፤ ዕቃ የሰበረ ልጅን «ጎበዝ!» ማለት በየቀኑ የሚሰማ ነው፤ ጥሩ የሠራን ልጅ በምጸት «ሰነፍ!» ማለት ግን አስቀድሞ «ሰነፍ ነው» ያለ ሰው ከሌለ ግራ ያጋባል። መልካም የመሆን ምኞት ምንጊዜም በአየር ላይ ስላለ ሊስተጋባ ይችላል፤ ስድብ ግን ባለቤት ይሻል። ክሮይዝና ግላክስበርግ በ1989 ባደረጉት ሙከራ ውጤቱ በዚሁ አቅጣጫ ነበር።

ኸርበርት ክላርክና ሪቻርድ ጌሪግ በ1984 ደግሞ ምጸተኛው ያስመስላል እንጂ አያስተጋባም አሉ፤ የማይረባ ሰው ሆኖ ለማይረባ አድማጭ ሲናገር ራሱን ይተውናል። ሁለቱ ወገኖች አሁንም አልታረቁም። ለእኔ ጥያቄ ግን የማስመሰሉ መንገድ አንድ ክፍተት ይሞላል። «ምነው ቸኮልክ?» ሲባል ተናጋሪውም ያውቃል፣ ያረፈደውም ያውቃል፣ አጠገባቸው የቆመውም ያውቃል፤ የፋውለር ያልገባው አድማጭ ታዲያ የት አለ? ያለው በትወናው ውስጥ ነው። ሰዓት የማያይ፣ ያረፈደውን ሰው የቸኮለ አድርጎ የሚያምን አንድ የዋህ ለቅጽበት ተፈጥሮ ይጠፋል። ላዩ የሚቆመው ለእሱ ነው።

ቶሮንቶ፣ 1989

ክርክሩ የክፍል ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው በካናዳ የቶሮንቶው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም በኅዳር 1989 የከፈተው «ወደ አፍሪካ ልብ» የተሰኘ ዐውደ ርእይ ነው። ዐውደ ርእዩ የካናዳ ወታደሮችና ሚስዮናውያን ከአፍሪካ ያመጧቸውን ዕቃዎች አሳየ፤ የሰብሳቢዎቹን የቅኝ ገዢ ቋንቋ ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ እያጠረ በምጸት ለመተቸት ፈለገ። ብዙ ጥቁር ካናዳውያን ጎብኚዎች ግን በግድግዳው ላይ ያዩት ያንኑ የቆየ ስድብ ነበር፤ ለወራት የዘለቀ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሌሎች ሙዚየሞችም ዐውደ ርእዩን ሳይቀበሉት ቀሩ። ሊንዳ ኸችየን በ1994 መጽሐፏ ይህን ጉዳይ ዘርዝራ መረመረች። ምጸት በደራሲው እጅ የሚሠራ ዕቃ ሳይሆን በተናጋሪ፣ በተርጓሚና በቦታው መካከል የሚሆን ድርጊት ነው አለች፤ የሚሆነውም የጋራ ልማድ ባላቸው ማኅበረሰቦች ውስጥ ነው፤ ከዚያም በላይ ስለት አለው፣ ይቆርጣል። አንዳንዶች ተቃዋሚዎቹ «አልገባቸውም» ብለው ነበር። ይህ አባባል ነገሩን ያቀለዋል። ትእምርተ ጥቅሱ ምን ለማለት እንደተደረገ የገባቸውም ቢሆኑ፣ ላዩ ለሌሎች ጎብኚዎች ቆሞ እንደሚቀር አይተው ነበር። ምጸት የሚያውቅና የማያውቅ ሰው ይሻል ካልን፣ የማያውቀው ወንበር ላይ ማን እንዲቀመጥ እንደተፈለገ መጠየቅ ከሥነ ጽሑፍ ጥናት ውጭ ሊሆን አይችልም።

በአማርኛ በኩል ሲታይ

አማርኛ ለእንግሊዝኛው ቃል «ምጸት»ን ሲያቀርብ ባዶ እጁን አልነበረም። ሽሙጥ፣ አሽሙር፣ አግቦ፣ ለበጣ፣ ፌዝ፣ ስላቅ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ የሚለያዩትም በአብዛኛው ንግግሩ ለማን እንደሚነገርና ማን እንዲሰማው እንደሚፈለግ ነው። አግቦ ለአንዱ እየተነገረ ሌላውን ይወጋል፤ ስላቅ የተነካው ሰው ራሱ እንዲያውቀው ይፈልጋል። የፋውለር ሁለት አድማጭ በእነዚህ ቃላት ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ያጨቀውን አማርኛ በብዙ ቃል በትኖታል፤ የኦቴሎ ዓይነቱን ግን ከእነዚህ አንዱም አይሸፍነውም። ለዚያ ምጸት የሚለው ቃል እንደ እንግሊዝኛው መለጠጥ ግድ ሆኖበታል።

አማርኛ ያለው ሌላ ነገር ደግሞ እስካሁን የተከተልኩትን መለኪያ ይፈታተነዋል። ሰምና ወርቅም ሁለት አድማጭ አለው፤ ሰሙን ይዞ የሚሄድና ወርቁን የሚያገኝ። ዶናልድ ሌቪን በ1965 መጽሐፉ የአማራን ባህል በዚህ ስም ከሰየመ ወዲህ የውጭ አንባቢዎች ሰምና ወርቅን ከምጸት ጋር ሲያቀላቅሉ ይታያል። የዕውቀት አለመመጣጠን ብቻውን ምጸትን የሚያደርግ ቢሆን ትክክል በሆኑ ነበር። ግን አይደለም። በጥሩ ቅኔ ሰሙ አይፈርስም። ወርቁን ያገኘው ሰው ሰሙን ውሸት ብሎ አይጥለውም፤ ሁለቱ በአንድ ቃል ላይ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ ሰሙን ብቻ የሰማውም አልተሳሳተም፣ አነሰበት እንጂ። የኢያጎ ሐቀኝነት ግን ለሚያውቀው ሰው ምንም አይተርፈውም። ስለዚህ ፋውለር የተናገረው ግማሹን ነው፤ ሌላው ግማሽ የላዩ መፍረስ ነው። ሰሙ ራሱ ውዳሴ መስሎ ወርቁ ወቀሳ የሆነበት ቅኔ ሲያጋጥም ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ይመጣሉ፤ እንዲህ ያለውን ቅኔ በየትኛው ስም መጥራት እንደሚገባ ከምጸትም ሆነ ከቅኔ አጥኚዎች ወገን የቆረጠ አላውቅም።

ስለ ስም ከተነሣ፣ በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ዝርዝር ውስጥ ትእምርተ ስላቅ የሚባል ምልክት አለ፤ ተገልብጦ የቆመ ቃለ አጋኖ ነው፣ ዊልኪንስ በ1668 ለለንደን አንባቢዎች የመከረው ያው ቅርጽ። ስሙ ትእምርተ ምጸት አለመሆኑ ልክ ይመስለኛል፤ ስላቅ ማንንም ውጭ ማስቀረት ስለማይፈልግ ምልክት አይጎዳውም። ዲፎ ብዕሩን ሲያነሣ የዊልኪንስ ሐሳብ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ያንን ምልክት በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ቢያኖር ከሳንቃው ይተርፍ ነበር፤ ጽሑፉን አንብበው «ትክክል ነው!» ያሉት ሰዎች ግን ማን ማን እንደነበሩ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።